የክሪፕቶ ገንዘብ መረብ ራሱን በዋጋ ስለ መከላከሉ

ስለ ክሪፕቶ ገንዘብ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የስርቆቱ ነገር ነው። ነገር ግን አንዳች ሳይሰርቁ መረቡን በከንቱ ሥራ አጨናንቆ እውነተኛውን ባለጉዳይ ከደጅ ማስቀረትም ይቻላል፤ ይኸውም አገልግሎት የማሳጣት ጥቃት ይባላል። አንድ ባንክ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት አጥቂውን ለይቶ በሩን ይዘጋበታል። ቢትኮይንና ኢትሪየም ግን በር ጠባቂ የላቸውም፤ የማንንም ስም ሳይጠይቁ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ። ታዲያ በሩ ለሁሉ የተከፈተ ቤት ከአጥለቅላቂ የሚድነው በምንድን ነው? መግባቱን ባይከለክልም በማስከፈሉ ነው። የመከላከያው ብርታትም ሆነ ድካም ዋጋው ከሥራው ክብደት ጋር በመመዛዘኑ ላይ ይገኛል።

ሐሳቡ ቢትኮይንን ይቀድማል። አዳም ባክ በ1997 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሃሽካሽ የተባለውን ዘዴ ሲያወጣ፥ የኢሜይል ላኪው ኮምፒዩተር አስቀድሞ ጥቂት አድካሚ ስሌት እንዲሠራ አደረገ። ይህ ለአንድ መልእክት ቀላል ሲሆን ለሚሊዮን ግን ከባድ ነው። ቢትኮይንም ይህንኑ ለብሎኮቹ ወሰደው፤ የስሌቱን ማስረጃ ያላሟላ ብሎክ ሲመጣ ተቀባዩ ኮምፒዩተር ያለ ድካም ይጥለዋል።

በኢትሪየም ግን ነገሩ ይጠነክራል፤ ተጠቃሚው ክፍያ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራምም ይልካልና። እያንዳንዱ የፕሮግራም ትእዛዝ ጋዝ በሚባል መለኪያ ተተምኗል። ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ባለ ወፍጮው ድንጋዩን የሚያደክመውንና የማያደክመውን እህል በአንድ ዋጋ ቢፈጭ ተንኰለኛ ደንበኛ አድካሚውን ብቻ ጭኖ ይመጣበታል።

በ2016 የደረሰውም ይኸው ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን፥ የኢትሪየም ሠሪዎች ለዓመታዊ ጉባኤያቸው በሻንግሃይ ሲሰበሰቡ፥ አብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩበት ጌት የተባለው ፕሮግራም የማስታወሻ ቦታው ሞልቶ ይወድቅ ጀመር። መረቡ ጨርሶ ያልቆመው ፓሪቲ የሚባል ሌላ ፕሮግራም፥ በሌሎች እጅ የተጻፈ፥ ሥራውን በመቀጠሉ ነበር። (ሁሉም አንድ ፕሮግራም ቢጠቀም ይቀላል የሚሉ ሰዎች ይህን ቀን ቢያስቡት መልካም ነው።) ሴፕቴምበር 22 ቀን አጥቂው ሌላ መንገድ ያዘ። ኤክስትኮድሳይዝ የተባለው ትእዛዝ ከዲስክ ላይ ማንበብን ይጠይቃል፤ ዋጋው ግን 20 ጋዝ ብቻ ነበር። በአንድ ብሎክ ውስጥ ወደ 50,000 ጊዜ ያህል ቢጠራ፥ ብሎኩን ለመመርመር ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ይፈጅ ጀመር። በኋላም በሌላ ርካሽ ትእዛዝ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጉ ባዶ ሒሳቦች ተፈጠሩ።

መድኀኒቱ አጥቂውን ማሳደድ ሳይሆን ተመኑን ማረም ሆነ። ኦክቶበር 18 ቀን በተደረገው የሕግ ለውጥ የዚያ ትእዛዝ ዋጋ ከ20 ወደ 700 ጋዝ ከፍ አለ፤ በኖቬምበር 22 ቀን ለውጥም ባዶዎቹን ሒሳቦች ለመጥረግ መንገድ ተከፈተ።

ዋጋው እጅግ ሲረክስ የሚሆነውን ሶላና የተባለው መረብ አሳይቷል። በ2021 ሴፕቴምበር 14 ቀን፥ አዲስ ሳንቲም ለመግዛት የተሽቀዳደሙ ሮቦት ፕሮግራሞች ጥያቄ አዝንበውበት ለ17 ሰዓት ያህል ቆመ። ከዚያ ወዲህ ቅድሚያ የሚፈልግ ተጨማሪ እንዲከፍል ተደርጓል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ወገን ነው። ዋጋ አጥቂንና ድኻን ለይቶ አያውቅም። በ2024 ኤፕሪል 20 ቀን በቢትኮይን ላይ ጥቃት አልነበረም፤ አዲስ ዓይነት ሳንቲም ለመመዝገብ የተጋፋ ሕዝብ ብቻ ነበር። ሆኖም የአንድ ዝውውር አማካይ ክፍያ ከ100 የአሜሪካ ዶላር በላይ ወጣ። መረቡ አልቆመም፥ ብሎኮቹም እንደ ወትሮው ተከታትለው ወጡ፤ በዚያ ቀን ለዘመዱ 20 ዶላር ሊልክ ላሰበ ሰው ግን እንደ ቆመ ያህል ነበር።