ተጨማሪ መረጃ፦ የሞሪሰን ጂግ

ጂግ በ6/8 ምት የሚሄድ የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስምንት ሜዠር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ይኖሩታል፤ እያንዳንዱም ይደገማል።

«የሞሪሰን ጂግ» ስሙን ያገኘው ከአየርላንድ ስላይጎ ወደ አሜሪካ ከተሰደደው የቫዮሊን ተጫዋች ከጄምስ ሞሪሰን (1893–1947 እ.ኤ.አ.) ነው። ዜማውን ግን እሱ አልደረሰውም። ኒውዮርክ ሳለ ያገኘው ከአየርላንድ ኬሪ ከመጣው አኮርዲዮን ተጫዋች ከቶም ካርሞዲ ሲሆን፣ በ1936 እ.ኤ.አ. በሸክላ ሲቀረጽም በቶም አባት ስም «የሞሪስ ካርሞዲ ተወዳጅ» ተብሎ ነበር። አድማጩ ግን ሸክላውን በቀረጸው ሙዚቀኛ ስም ጠራው፤ ለካርሞዲ ቤተሰብ ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብዳል።

እንዲህ ያለ ዜማ በጆሮ ስለሚወረስ አንድ ወጥ ቅጂ የለውም። ለምሳሌ የዚህ ጂግ የመጀመሪያው ሜዠር ጠቅላላው «ሚ» እና «ሲ» ብቻ ነው። አንዳንዱ ተጫዋች ሁለቱንም ድምፆች ሳይቆርጥ ይስባቸዋል፤ ሌላው በጣቱ ፈጥኖ ከላይና ከታች ያሉትን ድምፆች እየነካ «ሮል» በሚባለው ጌጥ ይሞላቸዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወደ አጫጭር ድምፆች ይሰባብራቸዋል። ሁለተኛው ክፍልም ከልማዱ ይወጣል፦ ብዙዎች ስምንቱን ሜዠር እንዳለ ከመድገም ይልቅ መጨረሻውን ለውጠው 16 ሜዠር አድርገው ይጫወቱታል።

የቫዮሊንና የዋሽንት ቅጂ ካገኛችሁ የመጀመሪያውን ሜዠር ብቻ ደጋግማችሁ አዳምጡና ልዩነቱን በኖታ ለመጻፍ ሞክሩ።