የአውራ ጣት ጉብታ በእሳት አይጠፋም

በቅርቡ አንዲት የተማሪዬ እናት ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ቢሮው በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። «ምነው እትዬ?» ብላቸው፣ «መምህር፣ ይሄ እግሬ እኮ ሌላ አጥንት አበቀለ! አንድ ወጌሻ በጋለ ብረት ተኩሶ ሊያጠፋልኝ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል» አሉኝ።

ያሳዩኝ በአውራ ጣት ሥር፣ በውስጥ በኩል የሚወጣውን ጠንካራ ጉብታ ነው። አዲስ የበቀለ ነገር የለም። ከአውራ ጣት ጀርባ ያለው ረጅም አጥንት ቀስ በቀስ ወደ ሌላው እግር ያጋድላል፣ ጣቱ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጣት ያዘነብላል። ጉብ ብሎ የሚታየው የዚያው የራሳችን አጥንት ጫፍ ነው። ታዲያ ቢተኩሱት ምን ይቃናል? የሚተርፈው ቁስል ነው። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው እንዲህ ያለ ቁስል እግር እስከማሳጣት ይደርሳል።

አፈጣጠሩ በዘር ይወርዳል፤ የእትዬ እናትም እንዲሁ ነበሩ አሉ። ጠባብ፣ ሹልና ባለታኮ ጫማ ደግሞ ያባብሰዋል። እኛ ካምፕ ውስጥ የምንጫማው የመረጥነውን ሳይሆን የደረሰንን ነው። (እኔም የሚጠበኝን ጫማ ዓመት ሙሉ ተጫምቻለሁ፤ አዲስ ነዋ፣ እንዴት ይጣላል!)

ጫማችሁን እንዲህ ፈትኑት። እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ወደ ማታ ወረቀት ላይ ቁሙና የእግራችሁን ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ ጫማውን በመስመሩ ላይ አስቀምጡ። መስመሩ ከጎን ተርፎ ከታየ ጫማው ጠቧችኋል ማለት ነው። የእትዬ መስመር በጣት ውፍረት ተርፎ ወጣ! ሌላ ጫማ ከሌለ ጫማ ሰፊው ጉብታው የሚነካበትን ቦታ ወጥሮ ያሰፋላችኋል። ለስላሳ ጨርቅ መደረብ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ማድረግ፣ ሲብስም ፓራሲታሞል ሕመሙን ያስታግሳሉ፤ አጥንቱን ግን አያቃኑትም።

የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። እሱም መራመድ ለከለከለው ሰው እንጂ ለመልክ ተብሎ አይደረግም፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እግርን ማሳረፍ አለ፣ ውሃ የሚቀዳ ሌላ ሰው ለሌለው ቤት ቀላል አይደለም።

ጉብታው በድንገት ቀልቶ ቢግል፣ ቢቆስል ወይም ትኩሳት ቢጨመርበት ግን ሪህ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ክሊኒክ ሂዱ።

እትዬ የቅዳሜውን ቀጠሮ ትተውታል። ጫማቸው ገበያ ጫማ ሰፊው ዘንድ ነው፤ እስከዚያው በባለቤታቸው ሰፊ ሸበጥ ይመላለሳሉ።