«ምሕረት» እና «ይቅርታ» በሕግ ቋንቋችን

«ምሕረት» እና «ይቅርታ» በዕለት ንግግር እርስ በርሳቸው የሚተካኩ ቃላት ናቸው። «ማረኝ» የሚልም ሆነ «ይቅር በለኝ» የሚል የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ በጸሎት ጊዜማ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ። በሕግ ቋንቋ ግን ተለያይተዋል። ልዩነታቸውም አንድን ሰው ፍርድ ያለበት ወይም የሌለበት የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ተርጓሚ በቸልታ ሊያልፈው አይገባም።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሁለቱን በተከታታይ አንቀጾች ለይቶ አስቀምጧቸዋል። በአንቀጽ 229 መሠረት ይቅርታ የሚነካው ቅጣቱን ነው፤ ቅጣቱ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀራል፣ ወይም በቀለለ ቅጣት ይለወጣል፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ እንደ ተጻፈ ይኖራል። በአንቀጽ 230 የተደነገገው ምሕረት ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ ክስ እንዳይመሠረት ያግዳል፣ የተመሠረተውን ያቋርጣል፣ የተፈረደውንም እንዳልተፈረደ ያስቆጥራል። የአሰጣጣቸውም ሥነ ሥርዓት ለየብቻ ነው፤ የይቅርታው በአዋጅ ቁጥር 840/2006፣ የምሕረቱ በአዋጅ ቁጥር 1089/2010 ተወስኗል።

ታዲያ ስያሜው በዘፈቀደ የተደረገ ነውን? ስለ «ይቅርታ» እንኳ አይመስለኝም። ቃሉ «ቀረ» ከሚለው ግሥ የሦስተኛ መደብ ትእዛዝ፣ ማለትም በ«ይቅር» ላይ «-ታ» ተቀጥሎ የተገኘ ስም ነው፤ «ይሁንታ» ከ«ይሁን» የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። «ይግባኝ»ም ቅጥያው ሳያስፈልገው ከትእዛዝ አንቀጽ ወደ ስምነት የተሻገረ የችሎት ቃል ነው። እንግዲህ «ይቅር» ሲባል የሚቀር ነገር መኖር አለበት፤ በሕጉ የሚቀረው ቅጣቱ ነው። ቃሉ በደል አልተፈጸመም አይልም፤ በደሉን አምኖ ዕዳው አይከፈል ይላል። ሥርወ ቃሉና ድንጋጌው እዚህ ላይ ይገጥማሉ።

«ምሕረት» ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከግእዙ «መሐረ» የወጣ የርኅራኄ ቃል ነው። የምዕራባውያኑ «አምነስቲ» መሠረቱ ግሪክኛ ሆኖ ትርጉሙ መርሳት ነው። የእነርሱ ቃል ነገሩ እንዲረሳ ያዛል፤ የእኛው ስለ ሰጪው ልብ ይናገራል። (በየአዋጁ ቀን ላይ የሚጻፈው «ዓ.ም.» ይህንኑ ቃል በአሕጽሮት እንደ ያዘ ልብ የሚል ጥቂት ነው።) ስለዚህ በሰሚው አእምሮ ምሕረት ያለ ዋጋ የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ ቅድመ ሁኔታ ሲታከልበት ጆሮን ይጎረብጣል። አዋጅ ቁጥር 1096/2010 ባለ ምሕረቱ በ6 ወር ውስጥ ቀርቦ ምስክር ወረቀት እንዲወስድ አድርጓል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ምሕረት በሁኔታ ላይ ተመሥርቶ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። «ይህማ ውል እንጂ ምሕረት አይደለም» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ከቋንቋ አንጻር መሠረት አለው።

ሆኖም አዲስ ቃል ይፈጠር የሚለውን አሳብ አልደግፍም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በምሕረትም ሆነ በይቅርታ እንደማይታለፉ ሲደነግግ ሁለቱንም ቃላት በስማቸው ጠርቷል፤ በአንቀጽ 106 መሠረትም የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በሌላ ስም የሚጠራ ምሕረት ቢመጣ ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው ብሎ ለሚከራከር በር ይከፍታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ አገር ለሚቀርብ ማስረጃ የተዘጋጀ አንድ ትርጉም ተመልክቼ ነበር። በዋናው «በይቅርታ ተፈታ» የሚለው «አምነስቲ» ተብሏል። በትርጉሙ መሠረት ሰውየው ፍርድ የለበትም፤ በዋናው ግን አለበት። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ዋሽቷል የሚባለው ባለጉዳዩ እንጂ ተርጓሚው አይደለም። ስለዚህ በመዝገበ ቃላቶቻችን ለሁለቱም ቃላት የሕግ ፍቺ ተለይቶ ሊጻፍላቸው፣ በዚያም ፍቺ ውስጥ አንዱ ለሌላው ተመሳሳይ ሆኖ እንዳይሰጥ ሊደረግ ይገባል።