ባግዳድ የወደቀችበት፣ ለንደን የተራበችበት ዓመት

የዓለምን ታሪክ በየአገሩ ለይቶ የሚያጠና ሰው አንድ ነገር ይዘነጋል። ይኸውም በአንዱ አገር ዙፋን ሲገለበጥ፣ በዚያው ወር በሌላው አገር ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ ዝናብ ይጠብቅ እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የአንድ አገር ሳይሆን የአንድ ዓመት ታሪክ እንመለከታለን፤ ዓመቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1258 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1250ንና 1251ን ይነካል። በአገራችን የዛጔ ነገሥታት ዘመን ነበር፤ ይኵኖ አምላክ ዙፋኑን የያዘው ከዚያ 12 ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገሩት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ጊዜ ከምድር መንግሥታት ሁሉ የሚበልጠው የሞንጎሎች መንግሥት ነበር። የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ ሞንግኬ በንጉሠ ነገሥትነት ተቀምጦ፣ ወንድሙን ሁላጉን ወደ ምዕራብ ልኮታል፤ ኡሪያንግካዳይ የሚባለው የጦር አለቃ ደግሞ በደቡብ ይዋጋለት ነበር። በጃንዋሪ ወር 1258 ሁለቱም እያንዳንዳቸው በአንድ ዋና ከተማ ፊት ቆሙ። የደቡቡ ጦር የገባው ታንግ ሎንግ ወደምትባለው፣ ዛሬ ሃኖይ ወደምንላት ከተማ ነው። የአገሩ ንጉሥ ትራን ታይ ቶንግ ግን ከሕዝቡ ጋር አስቀድሞ ለቆ ስለ ወጣ፣ ሞንጎሎቹ ያገኙት ባዶ ከተማ ነበር። ስንቅ አጠራቸው፤ የአገሩ አየርም አልተስማማቸውም። በወሩ መጨረሻ ንጉሡ ተመልሶ መታቸውና ወጡ።

ባግዳድ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማትም። ከተማዪቱን በ762 የመሠረታት ኸሊፋ አል-መንሱር ሲሆን፣ የአባስ ዘሮች ኸሊፋነት ራሱ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቷል። በዙፋኑ ላይ የነበረው አል-ሙስታዕሲም፣ ሁላጉ እንዲገብርለት በጻፈ ጊዜ የመለሰለት መልስ የኩራት ነበር፤ ነገር ግን ኩራቱን የሚደግፍ በቂ ጦር አላዘጋጀም። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በዋናው ሚኒስትር በኢብን አል-ዐልቃሚ ላይ ይጥላሉ። በእኛ አስተያየት ግን ሚኒስትርን መውቀስ ከሽንፈት በኋላ የተለመደ ነገር ስለ ሆነ፣ ይህን ወሬ በጥንቃቄ መቀበል ይገባል።

ከበባው በጃንዋሪ 29 ተጀመረ። በፌብሩዋሪ 10 ኸሊፋው ወጥቶ እጁን ሰጠ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ሠራዊቱ ለዘረፋና ለግድያ ተለቀቀ። ሁላጉ ራሱ በ1262 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 9ኛ በጻፈው ደብዳቤ ከ200,000 ሰው በላይ መገደሉን ይናገራል። ድል አድራጊ ቍጥር ማብዛት ይወዳልና ልኩን በዚህ መወሰን አይቻልም፤ ሆኖም የጥፋቱን ታላቅነት ማንም አይክድም። የሁላጉ ሚስት ዶቁዝ ኻቱን ክርስቲያን ስለ ነበረች የከተማው ክርስቲያኖች በእርሷ አማላጅነት ተረፉ። ኸሊፋው በፌብሩዋሪ 20 ተገደለ። ሞንጎሎች የነገሥታትን ደም በምድር ላይ ማፍሰስ ነውር ስለሚመስላቸው፣ በምንጣፍ ተጠቅልሎ በፈረስ እንደ ተረገጠ ይነገራል። ማርኮ ፖሎ ግን ከወርቁ ጋር ተዘግቶበት በረኃብ እንደ ሞተ ያወራል፤ ይህ ለጨዋታ የሚጥም ተረት ሳይሆን አይቀርም።

ከመጻሕፍቱ ብዙው ጠፋ፤ ነገር ግን ሁሉ አልጠፋም። ከሁላጉ ጋር የነበረው የፋርስ ሊቅ ናሲር አል-ዲን ቱሲ መጻሕፍት ሰብስቦ፣ በሚከተለው ዓመት በማራጋ የከዋክብት መመልከቻ ማሠራት ጀመረ። ለሞንጎሎች አስቀድማ በገበረችው በሺራዝ ደግሞ ባለቅኔው ሳዕዲ ጉሊስታን የሚባለውን መጽሐፉን የጨረሰው በዚሁ በ1258 ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገር። በዚያ የሞንጎል ፈረስ አልደረሰም፤ የደረሰው ረኃብ ነው። የሴንት ኦልባንስ ገዳም መነኩሴ ማቴዎስ ፓሪስ የየዓመቱን ነገር ሲመዘግብ፣ የዚያ ዓመት የጸደይ ወራት በሰሜን ነፋስና በብርድ እንዳለፈ፣ እህሉ እንዳልበቀለ፣ በለንደን ብቻ 15,000 ድሆች እንደ ሞቱ ጽፏል። ከጀርመን አገር እህል የጫኑ መርከቦች ቢመጡም የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ጥቂት ሰው ነበር። መነኩሴው ለዚህ የሚወቅሰው ሰማይን ብቻ አይደለም፤ ንጉሡና ጳጳሱ ብሩን ከሕዝቡ እጅ አውጥተውታል ይላል።

ወቀሳው ከንቱ አልነበረም። ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ሁለተኛ ልጁን ኤድመንድን በሲሲሊያ ለማንገሥ ብሎ ለሮማው ጳጳስ እጅግ ብዙ ገንዘብ ለመክፈል ቃል ገብቶ ነበር። ሕዝቡ ሲራብ ንጉሡ ግብር ጠየቀ። መኳንንቱ እምቢ አሉና በጁን ወር በኦክስፎርድ ተሰብስበው፣ ንጉሡ ያለ 15 ሰዎች ምክር ቤት እንዳይሠራ፣ ፓርላማም በዓመት ሦስት ጊዜ እንዲሰበሰብ ደነገጉ። ለመንግሥት ሠራተኛ በተለይ የሚያስደንቀው ግን የደንቡ ሌላው ክፍል ነው። ሸሪፍ የተባለው የአውራጃ ሹም ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲሾም፣ ከባላገር መማለጃ እንዳይቀበል፣ ወጪውን ንጉሡ እንዲችልለት፣ ሲሻርም ሒሳቡን እንዲያስረክብ አዘዙ። በየአውራጃውም አራት አራት ባላባቶች የሕዝቡን አቤቱታ እንዲመዘግቡ ተመረጡ። በኦክቶበር ወር ለደንቡ እንዲታዘዙ የወጣው አዋጅ በላቲንና በፈረንሳይኛ ብቻ ሳይሆን ተራው ሕዝብ በሚናገረው በእንግሊዝኛም ተጻፈ። የሲሲሊያ ነገር ደግሞ ከንቱ ሆኖ ቀረ፤ ማንፍሬድ የተባለው መስፍን በኦገስት ወር በፓሌርሞ ዘውዱን ጭኗልና። ሄንሪ በ1261 ከመሐላው በጳጳሱ ተፈትቶ ደንቡን አፈረሰ፤ ነገሩም ወደ እርስ በርስ ጦርነት ደረሰ።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የብርዱ ምክንያት ምን እንደ ሆነ በዘመኑ የነበረ አንድም ሰው አላወቀም። ምክንያቱ የተገኘው ከ750 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሊቃውንት በግሪንላንድና በደቡብ ዋልታ ያለውን የጥንት በረዶ በጥልቀት ቈፍረው ሲመረምሩ፣ በዚያን ጊዜ አካባቢ በተጋገረው በረዶ ውስጥ ብዙ የድኝ ዝቃጭ አገኙ። ይህም በአንድ ቦታ ታላቅ እሳተ ገሞራ መፈንዳቱን ያመለክታል፤ ቦታው ግን ለብዙ ዓመታት አልታወቀም። በ2013 ፍራንክ ላቪኝ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅና ባልደረቦቹ፣ ተራራው በኢንዶኔዥያ በሎምቦክ ደሴት የነበረው ሳማላስ መሆኑን ገለጡ። በ1257 በፈነዳ ጊዜ ጢሱ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ የድኙ ጭጋግ በዓለም ላይ ተዘርግቶ የፀሐይን ሙቀት ጋረደ።

እርግጥ ነው፣ የእንግሊዝን ረኃብ ሁሉ በተራራው ላይ መጫን አይገባም። እህሉ ከፍንዳታው አስቀድሞ በዝናብ መበላሸት ጀምሮ ነበር፤ ብሩንም ከድኻው እጅ ያወጣው እሳተ ገሞራ አይደለም። በለንደን ስፒታልፊልድስ በሚባለው ስፍራ ከ10,000 የሚበልጥ አፅም ተቈፍሮ በወጣ ጊዜ፣ በጅምላ የተቀበሩት የዚህ ረኃብ ሙታን ናቸው ተብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ከጅምላ መቃብሮቹ አንዳንዶቹ ከፍንዳታው በፊት የተቈፈሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ።

የሎምቦክ ሰዎች ግን ነገሩን አልረሱም። በዘንባባ ቅጠል ላይ በጥንቱ የጃቫ ቋንቋ የተጻፈው ታሪካቸው፣ ሳማላስ እንደ ተናደ፣ ፓማታን የምትባለው ከተማ እንደ ጠፋች፣ የተረፉትም ወደ ኮረብታ እንደ ሸሹ ይተርካል። ተራራው በቆመበት ስፍራ ዛሬ ሰጋራ አናክ የሚባል ሐይቅ ይገኛል።