ጎበዙ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ያስጽፋል?

የሳይንስ መምህር «በቡድን ሥሩ» ሲል ማን ምን እንደሚሆን ተማሪው ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ያወራሉ፣ የቀሩት ስማቸው ወረቀቱ ላይ መስፈሩን ያያሉ። የቡድን ትምህርት ሐሜት የበዛበትም ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ሐሜቱ ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው።

ተረት፦ ተማሪን በቡድን ማስቀመጥ ውጤቱን ያሻሽላል።

እውነታ፦ ወንበር ማዞር ብቻውን ፋይዳው ትንሽ ነው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሮበርት ስላቪን ብዙ ጥናቶችን ሲያመሳክሩ፣ በውጤት የላቁት ዘዴዎች ሁለት ነገር ያሟሉ ሆነው አገኟቸው፤ ቡድኑ የጋራ ግብ አለው፣ እያንዳንዱ አባል ደግሞ ለራሱ ትምህርት ይጠየቃል። ስላቪን ባስተዋወቁት ዘዴ ተማሪዎች አብረው ያጠናሉ፣ ፈተናውን ግን ለየብቻ ይወስዳሉ። ለቡድኑ ነጥብ የሚያስገኘውም አባሉ ከራሱ የቀድሞ ውጤት ምን ያህል እንደተሻሻለ ነው። ስለዚህ ከ40 ወደ 55 የወጣው ልጅ 90 ላይ ከቆመው ጓደኛው የበለጠ ያዋጣል። አንድ ወረቀት ለአምስት ሰው የሚታረምበት አሠራር ከዚህ ጋር ስሙን እንጂ ሌላ አይጋራም።

ተረት፦ ጎበዙ ተማሪ ይጎዳል።

እውነታ፦ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኖሪን ዌብ ተማሪዎች በቡድን ሲሠሩ የሚባባሉትን አጥንተዋል። ሁለት አምፖል በአንድ መስመር ሲያያዝ ለምን እንደሚደበዝዝ ዘርዝሮ ያስረዳ ልጅ ይጠቀማል፤ «መልሱ ሐ ነው» የተባለው ግን የሚያተርፈው የለም። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ተማሪ ሌሎችን የሚመራበት «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት የሚያሳስበውም እዚህ ላይ ነው። መሪው ዘወትር አስረጂ፣ ሌላው ዘወትር ተቀባይ ከሆነ፣ ትርፉ የሚሄደው ቀድሞም ወደ በለጠው ልጅ ነው።

ተረት፦ ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል።

እውነታ፦ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። የጄኔቲክስ ተማሪዎች ጥያቄውን መጀመሪያ ለብቻቸው መለሱ፣ ከጎረቤታቸው ጋር ተከራከሩ፣ እንደገና መለሱ። ቀጥሎ ሐሳቡ አንድ፣ አቀራረቡ ግን ሌላ የሆነ ጥያቄ ያለ ውይይት ቀረበላቸው፤ ተሻሽለው ተገኙ። በስሌቱ መሠረት ከመካከላቸው ትክክለኛውን መልስ የሚያውቅ ባልነበረባቸው ቡድኖችም ውስጥ መሻሻል ታይቷል። ጥናቱ የዩኒቨርሲቲ መሆኑ አይዘነጋ፤ ጥያቄዎቹም የሚያከራክሩ ነበሩ። «የውሃ ቀመር ምንድን ነው?» ብሎ ማወያየት ጊዜ ማባከን ነው።

ጎበዝ መሪ የማያስፈልገው መንገድም አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኦስቲን ነጭ፣ ጥቁርና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል ተቀላቅለው ሲናቆሩ፣ የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሊዮት አሮንሰን ትምህርቱን ቆራርጠው አከፋፈሏቸው። የደም ዝውውርን ለምሳሌ ብንወስድ፣ አንዷ ልብን፣ አንዱ የደም ሥሮችን፣ ሌላዋ የደም ሕዋሳትን ትይዛለች። ተመሳሳይ ክፍል የደረሳቸው ከየቡድኑ ወጥተው አብረው ያጠናሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ለጓደኞቻቸው ያስተምራሉ። ፈተናው ሁሉንም ይጠይቃል፤ የደም ሥሮቹን የያዘው ልጅ ዝም ካለ የሌሎቹም ነጥብ አብሮ ይጎድላል።