ባዶው መደርደሪያ

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት የድሮ ባልደረቦች በርሊን ላይ ተገናኝተን ስንዞር ዋልን። ከብራንደንቡርግ በር ተነስተን በኡንተር ዴን ሊንደን ጎዳና የአገር ቤት ወሬ እየሰለቅን ቤበል አደባባይ ደረስን። ሰዎች አጎንብሰው መሬት መሬቱን ያያሉ። እኛም አጎነበስን። ከመስተዋቱ ሥር ነጫጭ መደርደሪያዎች አሉ፤ መጽሐፍ ግን የለም።

እዚህ ቦታ እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1933 ናዚዎች 20 ሺህ ያህል መጻሕፍት አቃጥለዋል። ከለኮሱት ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት፤ መሃይምነት ነው እንዳይባል። መታሰቢያውን በ1995 የሠራው እስራኤላዊው ቀራፂ ሚሻ ኡልማን ነው። መደርደሪያዎቹ 20 ሺህ መጻሕፍት እንዲይዙ ተደርገው ነው ባዶ የተተዉት።

«ያንተም ቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ያለ መደርደሪያ ይገባው ነበር» አለኝ አንዱ ወዳጄ። ሦስታችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ ከሰመ።

በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ሳለሁ እሱ ስለ ረሃብ ዘገባ ይዞ መጣ። መጀመሪያ «ረሃብ» የሚለውን «የምግብ እጥረት» አልኩት። በማግስቱ ዘገባውን ጭራሽ አወጣሁት። ለዓመታት «ታዝዤ ነው» እያልኩ ኖሬያለሁ። እውነት ነው፣ እሳት አልለኮስኩም። ያልታተመ ጽሑፍ ግን አመድ እንኳ የለውም።

ማታ ካፌ ቁጭ ብለን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ዘግይተሃል፤ ሂሳቡን ግን አንተ ትከፍላለህ» አለኝ። ከፈልኩ።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ በስደት ስለ ነፃ ፕሬስ የምንጮህ ሰዎች የማንወደውን ሰው ጽሑፍ አውጥተን ስንጥል እጃችን ላይ ያለው እስክሪብቶ የማን ነው?