ልጅዎ ሃይስኩል ሳይጨርስ የኮሌጅ ክሬዲት

ኑሮዎ አሜሪካ ከሆነና ልጅዎ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ከደረሰ፣ የኮሌጅ ክፍያ ከአሁኑ ሳያሳስብዎት አይቀርም። ወጪውን ሊያቀሉ የሚችሉ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው «ኤፒ» ነው። ልጁ በሃይስኩሉ ጠንከር ያለ ትምህርት ወስዶ በሜይ ወር ይፈተናል። ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ኮሌጆች 3 ላመጣ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ 4 ወይም 5 የሚጠይቁም አሉ።

ሁለተኛው «ዱዋል ኢንሮልመንት» ይባላል። ልጁ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ይወስዳል፤ ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ በኖቫ። እዚህ ክሬዲቱን የሚወስነው የአንድ ቀን ፈተና ሳይሆን የኮርሱ ውጤት ነው።

ትርፉን እናስላ። ለባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። ባለ 3 ክሬዲት አምስት ኮርሶች ከተቆጠሩለት የአንድ ሴሚስተር ያህል ተቃለለ ማለት ነው።

ሆኖም ከመመዝገብዎ በፊት ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። በዱዋል ኢንሮልመንት የተገኘ ውጤት በኮሌጅ ትራንስክሪፕት ላይ ይቀራል፤ በ16 ዓመቱ ያመጣት «ዲ» ነገም ትከተለዋለች። በሌላ በኩል ሁሉም ኮሌጅ ክሬዲቱን አይቀበልም። ዳርትማውዝን የመሳሰሉ ለኤፒ ውጤት የምረቃ ክሬዲት አይሰጡም። ስለዚህ ልጅዎ የሚመኛቸውን ኮሌጆች ድረ ገጽ አብራችሁ ተመልከቱ፤ የትምህርት ቤቱን ካውንስለርም ያነጋግሩ።

በመጨረሻም ልጅዎን ራሱን ይጠይቁት። ስንት ከባድ ትምህርት በአንድ ጊዜ እንደሚችል ከእርስዎ ይልቅ እሱ ያውቃል።